በአንድ ጥሩምባ የሚጀምረው ቅንብር

ኅዳር ዐሥራ ሦስት፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በፍኖተ ሰላም ከሆስፒታሉ በስተጀርባ ባለው ሰፈር የእድር ጥሩምባ ተነፋ። የሞተው የሙዚቃ መምህሩ ደምሰው ነው። ያረፈው ወገግ ሲል በኪራይ ቤቱ ነው፤ አጠገቡ የነበረችው እህቱ ብቻ ናት።

ጥሩምባውን ስሰማ ደጃፌ ላይ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። በዚያ ሰፈር ጥሩምባ ብቻውን ሲጮኽ የሰማ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ማን ሞተ?» ጋሽ ደምሰው ይህን ጥያቄ ከማንም የበለጠ ያውቀው ነበር። የመምህርነት ዘመኑ ያለፈው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ሲታገል ነው።

ለሬዲዮ ዜና እንድሠራ ወደ ፍኖተ ሰላም የተመደብኩት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ጋሽ ደምሰው ከእኔ ቀድሞ ነበር የመጣው። በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፋ፣ ቅንብርም ይጽፍ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ወደ ትውልድ ቦታው ወደ ቡሬ ገባ። ካፖርቱን መንገድ ላይ ለዳቦ ሰጥቶታል። የኖታ ወረቀቶቹን የያዘችውን የቆርቆሮ ሳጥን ግን አልሰጠም። ኋላ የፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሙዚቃ እንዲያስተምር ተቀጠረ። የባህል ጽሕፈት ቤቱም ከድሮው የኪነት ቡድን የተረፉ ትራምፔቶች፣ ትሮምቦኖች፣ ሳክስፎኖች፣ አንድ ድራምና አንድ ቤዝ ጊታር አዋሰው። መሣሪያዎቹ የተማሪዎቹ ሆነው አያውቁም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በውሰት ነበሩ።

በእነዚያ መሣሪያዎች የገበሬና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆችን ሰብስቦ ትልቅ የጃዝ ባንድ አቋቋመ። ከፊት ሳክስፎኖች ይቀመጣሉ፣ ቀጥሎ ትሮምቦኖች፣ ከሁሉ ኋላ ትራምፔቶች ይቆማሉ። ሁሉም ከወረቀት እያነበበ የየራሱን ድርሻ ይጫወታል። አዲስ ተማሪ ሲገባ እንዲህ እያለ ያስረዳ ነበር፦

«ማኅሌት ቁማችሁ ታውቃላችሁ? ይኸም እንደዚያው ነው። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። መቋሚያ የለንም እንጂ ሥርዓቱ አንድ ነው።»

አንድ ቀን ከገበዝ ማርያም የመጣ አንሙት የሚባል ዲያቆን ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ጽናጽሉስ?» አለው።

«ጽናጽሉን ድራሙ ላይ ሰቅለነዋል። አንተ ግን ሳክስፎን ነህ፤ ዓይንህን ከዚያ አንሣ።»

አንሙት ሳቀ፤ ክፍሉም ሳቀ። የጋሽ ደምሰው ቁጣ ከዚህ ርቆ ሲሄድ አላየሁም።

በየዓመቱ መስከረም ሲያልቅ ለዓመቱ የሚሆነውን ቅንብር ይመርጣል። ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ ከሳጥኑ ያወጣቸውን ኖታዎች በየዴስኩ ላይ ይዘረጋና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመካከላቸው ይመላለሳል። ብዙ ጊዜ ከሥራ ስወጣ ገብቼ አየው ነበር። መጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚያይ ጠየቅሁት።

«የላይኛውን ኖታ አያለሁ» አለኝ። «ትራምፔቱ እስከየት ይወጣል? እዚህ ድረስ ከወጣ የልጁ ከንፈር ይደማል። ደግሞ እዚህ እየው፣ ትሮምቦኑ ገና ትንፋሽ ሳይስብ እንደገና ግባ ይለዋል። ይኸን የጻፈው ሰው ልጅ አስተምሮ አያውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዓርብን አያለሁ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከሽንዲ፣ ከቋሪት፣ ከቡሬ ዙሪያ ገጠር መጥተው በከተማው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ስንቃቸውን ሊያመጡ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አጨዳ ሲደርስ ሰኞ የማይመለስ አለ፤ ጥር ላይ ደግሞ ጭራሽ የማትመለስ አለች። አንድ ወንበር ሲጎድል የሚፈርስ ቅንብር ምንም ያህል ቢያምር አይመርጠውም። «ወረቀቱን አይተህ አትምረጥ፣ ወንበሩን አይተህ ምረጥ» ይል ነበር። የማይሆነውን ወረቀት በፊቱ ይደፋና በመዳፉ ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርገዋል።

«ይቅር በለኝ የኔ ጌታ። ዘንድሮ ሰው የለኝም።»

ሦስተኛው ነገር አጀማመሩ ነው። በአንድ ትራምፔት ብቻ የሚጀምር ከሆነ መጀመሪያውን ሰርዞ ለሳክስፎኖቹ እንደገና ይጽፈዋል። ይህን ልማድ ያመጣው በመጀመሪያው ዓመት የደረሰ ነገር ነው። የሰማሁት ከራሱም ከሰፈሩም ሰዎች ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚናገረው አንድ ነው።

ያን ዓመት የመረጠው ቅንብር በረጅም የትራምፔት ድምፅ ይጀምር ነበር። የሚነፋው ተማሪ ትጉህ ነውና ከትምህርት በፊት ልለማመድ ብሎ ገና ሳይነጋ በተከራየበት ግቢ ውስጥ ያንኑ ረጅም ድምፅ ደጋግሞ ነፋ። ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ። ወንዶች የእድሩን ድንኳን ተሸክመው ከቤት ቤት ሟች ሲያፈላልጉ አረፈዱ። የልጁ አከራይ በር ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ራሳቸው ወጥተው «ኧረ እኔ አለሁ!» እስኪሉ ድረስ ለቅሶው አልቆመም።

የእድሩ ዳኛ አያ ይርሳው የሚባሉ አዛውንት ናቸው። በሳምንቱ ጋሽ ደምሰውን አስጠሩት።

«መምህር፣ ዘፈን ይዘፈን፤ አልከለከልንም» አሉት። «ጥሩምባ ግን ብቻውን አይጩኽ። ዛሬ ተታለን ወጣን። ነገ ውሸት ነው ብለን የቀረን ቀን ሰው ያለ ቀባሪ ይቀራል። የዚያን ሰው ኃጢአት ትሸከማለህ?»

ጋሽ ደምሰው ቃል ገባ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ የትራምፔታቸውን አፍ በጨርቅ ጎስጉሰው ነበር የሚለማመዱት። ከባንዱም ሥራዎች አንዱ እንኳ በብቸኛ ትራምፔት ጀምሮ አያውቅም።

በሳጥኑ ግርጌ ግን አንድ ቅንብር ነበር። በየዓመቱ ያወጣውና የመጨረሻው ዴስክ ላይ ያኖረዋል፤ ደርሶ ያየዋል፤ ይደፋዋል። ለሠራዊቱ ባንድ ራሱ የጻፈው ነው። ልምምዱ አልቆ ለሕዝብ ሊቀርብ ሲል ሠራዊቱ ተበተነ። በአንቺ ሆዬ ቅኝት አንድ ትራምፔት ብቻውን ረጅም ዜማ ያወጣል፤ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። ዜማው አልቆ ትንፋሽ ሊያጥር ሲል ባንዱ በሙሉ ይገባል። እኔ ኖታ አላነብም፤ እሱ በአፉ እያዜመ ነው ያስረዳኝ። ባንዱ በሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያቆማል።

«የሌሎቹን መጀመሪያ ትቀይር የለም እንዴ? ይኸንንስ ለምን አትቀይረውም?» አልኩት አንድ ጊዜ።

«የሌሎቹ የሰው ናቸው» አለኝ።

ስመኝ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። የወምበርማ ገበሬ ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ከሽንዲ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ትራምፔት በዓይኗም አይታ አታውቅም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ጋሽ ደምሰው ከሠራዊቱ ባንድ ወዲህ እንደሷ ያለ ትንፋሽ እንዳልሰማ ነገረኝ። ለእሷ ግን አልነገራትም። ለእሷ የሚላት «ትከሻሽን አውርጂ፤ እንስራ አልተሸከምሽም» ነበር።

በዚያው ዓመት የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተለወጠ። አዲሱ ወጣት ነው፤ ከሌላ ዞን የመጣ። ለዜና ሄጄ ቢሮው ተቀምጬ ሳለ ጋሽ ደምሰውን አስጠርቶ አነጋገረው።

«ጋሼ፣ በየዓመቱ የሚቀርበው ነገር አንድ ዓይነት ሆነ። ለስላሳ ነው። መሣሪያውን ሌላ ወረዳ ይፈልገዋል። ከክልል እንግዶች የሚመጡበት በዓል አለ፤ እዚያ ላይ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣ ሥራ አሳዩኝ። ካልሆነ መሣሪያው ይመለሳል።»

«ከወንበሩ የሚያስነሣ» አለ ጋሽ ደምሰው።

«አዎ። አቁሞ የሚያስቀር።»

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ልቡ እንደደከመ ሐኪም ከነገረው ቆይቷል። ትሮምቦን መንፋት ተከልክሎ ነበር፤ ልጆቹን የሚያስተምረው በአፉ እያዜመ ነው። መሣሪያው ከሄደ ሁለተኛ እንደማይመለስ፣ ቢመለስም እሱ እንደማይጠብቀው ያውቅ ነበር። ይህን ያለኝ ራሱ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ።

በሳምንቱ ከሰዓት ወረቀቶቹን በየዴስኩ ዘረጋ። አንድም ሳያይ አልፎ የመጨረሻው ዴስክ ጋ ደረሰና ቆመ። አልደፋውም።

«ወንበሩስ?» አልኩት።

«ወንበሩ ላይ ስመኝ አለች።»

«ዓርብስ?»

«አባቷን ለምኜ ስንቋን ራሱ ሊያመጣላት ተስማማ።»

«አያ ይርሳውስ?»

ወረቀቱን አንሥቶ በደረቱ ያዘው። «ና አብረን እንሂድ» አለኝ።

አያ ይርሳው ግቢያቸው ውስጥ የንብ ቀፎ ሲያጥኑ አገኘናቸው። ቁመው ሰሙት፤ ጭሱን ሳይተዉ።

«አያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አላቸው። «ከቃሌ ይፍቱኝ።»

«ምን ሊሆንህ ነው?»

«መሣሪያው ሊወሰድ ነው። ልጆቹ ሊበተኑ ነው።»

«በሌላ ዘፈን አይሆንም?»

«ሌላውን አለቆቹ ሰምተው ናቁት።»

አያ ይርሳው ጭሱን ወደ ቀፎው አፍ አዞሩ። «ስማ መምህር፣ ጥሩምባው የኔ ቢሆን ዛሬ በሰጠሁህ። የሟቾች ነው። እኔ ጠባቂ ነኝ።» ከዚያ ቀና ብለው ፊቱን አዩት፤ ያን ጊዜ ፊቱ አብጦ ነበር። «አዳራሽ ውስጥ ነው የምትነፉት?»

«አዳራሽ ውስጥ ነው። በሩም ይዘጋል።»

«ፀሐይ ከረፈደች በኋላ?»

«ከቀትር በኋላ ነው።»

«እንግዲያ ንፉት። ለእድርተኛው እኔ እናገራለሁ። ከአዳራሹ እንዳይወጣ ብቻ።»

ለሁለት ወር ያህል ያንኑ አንድ ሥራ ተለማመዱ። ስመኝ የራሷን ዜማ በጨርቅ በታፈነ ትራምፔት ነበር የምትለማመደው። ጨርቁን አውጥታ የነፋችው ክፍሉ ተዘግቶ፣ በአጠቃላይ ልምምድ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ነበርኩ። ባንዱ በሙሉ ሲገባ ጋሽ ደምሰው እጁን ማውረድ ረስቶ ልጆቹ ጨርሰው እሱ ገና እጁ በአየር ላይ ነበር። አንሙት «ቲቸር፣ አልቋል እኮ» አለው።

በበዓሉ ቀን እንግዶቹ ከሰዓት ወደ ባሕር ዳር መመለስ ስላለባቸው ዝግጅቱ ወደ ጠዋት ተዛወረ። ሰው ከአዳራሹ በላይ ሆነ ተብሎ ወንበሩ ሁሉ በዋናው መንገድ ዳር ወዳለው ሜዳ ወጣ፤ ለእንግዶቹም ድንኳን ተተከለ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ጋሽ ደምሰው ይህን ያወቀው ከልጆቹ ጋር ሲደርስ፣ ድራሙ ሜዳው ላይ ተተክሎ ሲያይ ነው። ወደ ኃላፊው ሄደ፤ ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርኩ።

«እኛን አዳራሽ አስገቡን። የሚያየን ጥቂት ሰው ይሁን፤ ግድ የለም።»

«ጋሼ፣ እንግዳ ተቀምጧል! አሁን ማን ተነሥቶ አዳራሽ ይገባል?»

ወደ ልጆቹ ተመለሰ። ስመኝ ገብቷት ነበር።

«ቲቸር፣ የአምናውን እንጫወት?»

«የአምናውን ከተጫወትን መሣሪያው ይሄዳል።»

«ይኸን ከተጫወትንስ?»

ከፊታቸው ቆመ። እንግዶቹን አየ፣ መንገዱን አየ፣ እጁን አነሣ።

ስመኝ ነፋች። ድምፁ ማጉያ ሳያስፈልገው ሜዳውን አልፎ ሄደ። መጀመሪያ የቆሙት የጋሪ ፈረሶች ናቸው፤ ነጂዎቹ ልጓም ስበው። ባጃጆች ሞተር አጠፉ። እህል የጫነ አንድ ገበሬ አህያውን ትቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ዶሮ ይዛ ወደ ገበያ ትሄድ የነበረች ሴት ዶሮዎቹን መሬት አስቀምጣ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። ከዚያ የመጀመሪያው «ወይኔ!» ተሰማ።

«ማን ነው? ማን ነው የሞተው?»

«ባለሥልጣን ነው አሉ። ያውና ወንበሩ፣ ድንኳኑ።»

«የትኛው? የኛው ነው?»

«ከባሕር ዳር የመጣው ነው። እዚሁ ወንበር ላይ እንዳለ ነው አሉ!»

ለቅሶው ከመንገዱ ወደ ሜዳው ገባ። ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ወደ እንግዶቹ ወንበር መጡ። እንግዶቹ በሙሉ ከወንበራቸው ተነሡ። ኃላፊው ድምፅ ማጉያውን ነጥቆ «ሰው አልሞተም! ወገኖቼ፣ ሰው አልሞተም!» እያለ ጮኸ። የሩቁ ሰው የሰማው «ሞተ» የሚለውን ሳይሆን አይቀርም፤ የሚመጣው እየበዛ ሄደ።

ስመኝ አላቋረጠችም። ዜማዋን እስከ መጨረሻው አደረሰች። ጋሽ ደምሰው ባንዱን ለማስገባት እጁን ዘረጋ። አንድ ትሮምቦንና ድራሙ ገቡ። ሌሎቹ አልገቡም። የገጠር ልጆች ናቸው፤ ለቅሶ መሐል መጫወት አይሆንላቸውም። አንሙት ሳክስፎኑን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አማተበ። ትሮምቦኑና ድራሙም ብቻቸውን መቅረታቸውን ሲያዩ ተዉ።

በሳምንቱ መሣሪያዎቹ በአይሱዙ ተጫኑ። ጋሽ ደምሰው እያንዳንዱን በጨርቅ ወልውሎ ራሱ ለጫኞቹ አቀበለ። የስመኝን ትራምፔት ሲያቀብል ጫኙን «ይኸን ከላይ አድርገው፤ ዕቃ እንዳይጫነው» አለው። አያ ይርሳውም መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቁመው ነበር። እሱ ሄዶ እጃቸውን ሳመ።

የቅጥር ውሉ እስኪያልቅ ያለ መሣሪያ አስተማረ። ልጆቹ ኖታውን ይዘው የየድርሻቸውን በአፋቸው ያዜሙ ነበር። በቀጣዩ መስከረም ውሉ አልታደሰም። እህቱ ከቡሬ መጥታ ታስታምመው ጀመር፤ እንዲህ ሆኖ ጥቂት ዓመታት ቆየ።

ልጠይቀው ስሄድ ሁልጊዜ ስለ መሣሪያዎቹ ነበር የሚያነሣው። ሌላው ወረዳ ወስዷቸው እንደሆነ አጣራልኝ አለኝ፤ አጣራሁ። ጠያቂ የተባለው ወረዳ አልመጣም። መሣሪያዎቹ በዞኑ መጋዘን ውስጥ ነበሩ፤ በመስኮት አይቻቸዋለሁ።

«ተሸፍነዋል?» አለኝ።

«አልተሸፈኑም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ወንበሩን አየሁ። ሜዳውን አላየሁም» አለ። ስለዚያ ቀን ሲናገር የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

በሞተበት ቅዳሜ ስመኝ ረፋዱ ላይ በሚኒባስ ደረሰች። ቡሬ አንደኛ ደረጃ ላይ መምህርት ሆና ነበር። አንሙትና ሌሎችም የድሮ ተማሪዎች አንድ በአንድ መጡ፤ ባዶ እጃቸውን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። አያ ይርሳው በበትራቸው ተደግፈው ወደ ስመኝ መጡ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ጠጋ ብለው አዩዋት።

«ያችን የነፋሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አያ።»

«ዛሬ ንፊያት። ዛሬ የሚሳሳት ሰው የለም።»

«በምን ልንፋ አያ?»

አያ ይርሳው ወደ እኔ ዞሩ። እኔና ስመኝ፣ አንሙትም ተከትሎን፣ ወደ መጋዘኑ ሄድን። ዘበኛው በሩ ላይ ነበር፤ ቁልፉ ግን ዕቃ ቤት ኃላፊዋ ጋ ነው። ቤቷ ሄድን። ለማኅበር ወደ ገጠር ወጥታለች። የባህል ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ቤቱ አገኘነው። አዝኖ ነበር፤ ሐዘኑ የውሸት አልመሰለኝም። «ያለ እሷ ልከፍት አልችልም፤ ቅዳሜም ነው» አለን። ስመኝ «ለቀብሩ ብቻ ነው፣ ወዲያው እንመልሳለን» አለችው። «እህቴ፣ ቁልፉ የለኝም» አላት።

ስንመለስ አስከሬኑ ሊወጣ ነበር። አያ ይርሳው የእድሩን ጥሩምባ ከነፊው ተቀብለው ሰጧት። ረጅም፣ የተወለወለ፣ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ነው። ስመኝ አፏ ላይ አደረገችው። የቀኝ እጇ ጣቶች ከቱቦው በላይ ተዘርግተው የሚያርፉበትን ፈለጉ። ጥሩምባው እንደ ትራምፔት በጣት የሚጫን ነገር የለውም፤ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አውርዳ በሁለት እጇ መለሰችላቸው። ነፊው ተቀብሎ እንደ ደንቡ ነፋ።

ቀብሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፈጸመ። መጋዘኑ የተከፈተው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።